ከገላባት ገበያ እስከ ሐኪም ማዘዣ፤ ቀልብን የሚሰበስቡ ቅመሞች ታሪክ

መምህር በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ከሚደጋግማቸው ቃላት አንዱ «ልብ በሉ» የሚለው ነው። በአማርኛ ልብ ማለት ማየትና መስማት ብቻ አይደለም፤ የታየውንና የተሰማውን ይዞ ማቆየት ነው። ይህ የማይሆንለትን ተማሪ ደግሞ «ቀልቡ ተበትኗል» እንላለን። ቀልብ የሚለው ቃል በዐረብኛም ልብ ማለት ስለ ሆነ፣ በመተማ የሚያስተምረውም ሆነ ወንዙን ተሻግሮ በገላባት የሚያስተምረው ስለ አንድ ነገር በአንድ ቃል ይናገራሉ። ቃሉ ጠረፉን የተሻገረው ብቻውን አይደለም። ቀልብን ይሰበስባሉ፣ እንቅልፍን ያባርራሉ፣ ድካምን ያስረሳሉ የተባሉ ቅመሞችም በዚያው መንገድ ለብዙ ዘመን ተመላልሰዋል። ዛሬ ሐኪሞች የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ብለው ለሚጠሩት ችግር የሚያዙአቸው አነቃቂ መድኃኒቶች የእነዚህ ቅመሞች የቅርብ ዘመዶች ስለ ሆኑ፣ የመድኃኒቶቹን ልዩነት ለመረዳት ከገበያው መነሣት የተሻለ ይመስለናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈውን ዓ.ም. የሚለው ይለየዋል።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በጭልጋና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ፣ ከዚያም በገላባት አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ ታላላቅ የንግድ በሮች አንዱ ነበር። ገበያውን ይጠብቁ የነበሩት ተክሩር የሚባሉት ወገኖች ሲሆኑ፣ አባቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ለመሳለም ሲመላለሱ በዚያ የቀሩ ነበሩ። ከሁለት ኃያላን መካከል ስለ ተቀመጡ ለሁለቱም ግብር ይከፍሉ ነበር። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1862 በዚያ ባለፉ ጊዜ ከደጋ የወረዱ ነጋዴዎች ቡናና ሰም፣ ቆዳም ይዘው ሲገበያዩ አይተዋል። ቡናው ከጣና ዙሪያም፣ ከዓባይ ማዶ ከነእናርያም ይመጣ ነበር። በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ብዙ ሳምንት ቢጓዝ ምንም አይሆንም፤ ፍሬው ደረቅ ነውና።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በኢትዮጵያ ከቡና የማያንስ ዕድሜ ያለው ሌላ አነቃቂ ቅጠል ጫት ነው። በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው የይፋቱ ገዥ ሰብረ ዲን ድል ባደረገ ጊዜ በንጉሡ ከተማ ጫት እንደሚተክል መዛቱ በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። እንግዲህ ጫት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ሲሆን፣ ቡናው ገላባት ሲደርስ እርሱ ከሐረርጌና ከይፋት ወደ ምዕራብ ጠረፍ በቅፍለት ያልወረደው ስለ ምንድር ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሃይማኖትና የልማድ ነው፤ እርሱም ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በደጋው የክርስቲያን አገር ቡናም ራሱ ለረጅም ጊዜ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ሲነቀፍ ኖሮ፣ ገበያውን ግን አላጣም። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት በቅጠሉ ውስጥ ያለ ይመስለናል። የጫት ኃይል የሚገኘው ካቲኖን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው በሙዝ ቅጠል የሚጠቀልለውና የሚሽቀዳደመው ስለዚህ ነው። ከሐረርጌ ወደ ገላባት በበቅሎ የሄደ ጫት ገበያ ሲደርስ ገለባ ነው። ጫት ሩቅ አገር መሄድ የቻለው ባቡርና አውሮፕላን፣ ኋላም የጭነት መኪና ከመጡ በኋላ ነው። የጠረፉ ሰው ሲወርድ ሲዋረድ ቡና ጠጪ ሆኖ እንዲቀር ከወሰኑት ነገሮች አንዱ እንግዲህ የአንድ ንጥረ ነገር ዕድሜ መሆኑ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ይህን የመሰለውን ነገር ለኬሚስቶች ትተውት ይኖራሉ።

ከመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የመተማ ጦርነት በፊትና በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በዚያ ዘመን፣ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያውም ጠፋ። በ1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች ወሰኑን ከተዋዋሉ በኋላ የኢትዮጵያ ቡና ወደ ሱዳን የሚሄድበት ዋናው በር በባሮ ወንዝ ላይ ያለው ጋምቤላ ሆነ። ገላባት የቀድሞ ክብሩን ባያገኝም፣ ቡናው ግን ከምሥራቅ ሱዳን ሕዝብ ኑሮ አልወጣም። የቤጃ ሰዎች ቡናቸውን ቆልተው፣ ዝንጅብል ጨምረው፣ በጀበና አፍልተው በትንንሽ ሲኒ ይጠጣሉ። ጀበና የሚለው ስም ያው ነው፤ ዝንጅብሉ የእነርሱ ነው። በዚያ አገር ከቡናና ከሻይ ሌላ ቶምባክ የሚሉት አለ፤ የትምባሆ ቅጠል ተፈጭቶ፣ ከአጡን ጋር ተለውሶ በከንፈርና በድድ መካከል የሚያዝ ነው። ኒኮቲንም ከአነቃቂዎች ወገን ነው፤ የቶምባክ ዋጋው ግን በአፍ ካንሰር የሚከፈል ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አንመለስበትም።

ቡና ምን ያደርጋል? በ1819 ፍሪድሊብ ሩንገ የሚባሉ ወጣት ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ባለቅኔው ጎተ የሰጧቸውን የቡና ፍሬ መርምረው ካፌይንን ለብቻው አወጡ። የአሠራሩ ምሥጢር የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ይህም የድካምን መልእክት ያደርሳል። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይዞ መልእክቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። ድካሙን አያጠፋውም፤ ወሬውን ይከለክላል። ስለዚህ ቡና ለደከመ ሰው ጥሩ ጓደኛ ሲሆን፣ ካልደከመ ግን ቀልቡ ከተፈጥሮ ከሚበተን ሰው ችግር ጋር ጉዳዩ ሩቅ ነው። ይህን ልዩነት ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ እንሻገር። ልጅም ይሁን ዐዋቂ ልቡን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ የሚሳነው በስንፍና ብቻ አለመሆኑን የስኮትላንዱ ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን በ1798 ጽፈዋል። በ1902 ደግሞ ጆርጅ ስቲል የሚባሉ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በለንደን ባደረጉት ትምህርታዊ ንግግር ስለ 43 ልጆች ተናገሩ። ልጆቹ አእምሮአቸው ያልደከመ ሲሆኑ ራሳቸውን መግዛትና ልብ ማለት የማይችሉ ነበሩ። ስቲል ችግሩን የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት ብለው ሰየሙት። ስሙ የዘመኑ ነው፤ ነገር ግን ቅጣት የማያርመው ልጅ መኖሩን በሐኪም አንደበት መናገራቸው ለትምህርት ቤት ታላቅ ነገር ነበር። ከእርሳቸው በፊትም በኋላም የዚህ ዓይነቱ ልጅ ሐኪም አርጩሜ ነበርና።

መድኃኒቱ የተገኘው ለዚህ ችግር ተፈልጎ አይደለም። አምፌታሚን የሚባለውን ቅመም ላዛር ኤደሌያኑ የተባሉ የሮማንያ ሰው በ1887 በበርሊን ሠርተውት ነበር፤ ለአርባ ዓመት ያህል ግን ጥቅሙን ያወቀ አልነበረም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ቤንዘድሪን በሚል ስም ለአፍንጫ መታፈን መሸጥ ጀመረ። በዚያን ጊዜ በሮድ አይላንድ አገር ጠባያቸው ለታወከ ልጆች በተሠራ መኖሪያ ሐኪም የነበሩት ቻርልስ ብራድሌይ፣ ለምርመራ ሲባል ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ የተቀዳላቸው ልጆች ራሳቸውን ስለ ታመሙ፣ ቤንዘድሪን ይሻላቸው እንደ ሆነ ሰጧቸው። ራስ ምታቱ እምብዛም አልተሻለም። ነገር ግን መምህራኑ አንድ ነገር አዩ፤ ልጆቹ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ብራድሌይ በ1937 ባወጡት ጽሑፍ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 30 ልጆች 14ቱ በትምህርታቸው አስደናቂ ለውጥ ማሳየታቸውን ገለጡ። ልጆቹ ራሳቸው ክኒኑን የሒሳብ ክኒን ይሉት እንደ ነበር ይነገራል። መለወጡ በመጀመሪያ የታየው በክፍል ውስጥ፣ በመምህር ዓይን መሆኑን ልብ ይሏል።

የብራድሌይ ግኝት ለሃያ ዓመት ያህል ሰሚ ሳያገኝ ቀረ፤ አምፌታሚን ግን አልተቀመጠም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሠራዊት የአምፌታሚን ወንድም የሆነውን ሜታምፌታሚን ፐርቪቲን በሚል ስም ለወታደሮቹ ሲያድል፣ እንግሊዞችም ቤንዘድሪንን ለአውሮፕላን ነጂዎችና ለእግረኞች ሰጡ። ያ ጦርነት ወደ እኛ ጠረፍ የደረሰው በ1940 ነው። በኅዳር ወር የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ከጣልያን አስለቀቀ፤ መተማን ግን ለመያዝ ሳይችል ቀረ። ገዳሪፍም የሠራዊት መተላለፊያ ሆነ፤ ለወታደሩ እህል ለማቅረብ ሲባል በ1944 በገዳምበሊያ በትራክተር የሚታረሰው የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ዛሬ ገዳሪፍን የሱዳን ጎተራ ያሰኘው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የተወለደው ከዚያ ነው። ከእኛ ደጋ በየክረምቱ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራና ወደ ገዳሪፍ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደውን ሠራተኛ የጠራውም ይኸው እርሻ ነው። ልጁን ከክፍል፣ አንዳንድ ጊዜም መምህሩን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ጥሪ ስለ ሆነ፣ በጠረፉ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

በዚያው በ1944 በስዊስ አገር ሲባ በሚባለው ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሌአንድሮ ፓኒዞን ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ቅመም ሠሩ። በራሳቸው ሞከሩት፤ ምንም አልተሰማቸውም። ሚስታቸው ማርጌሪት ግን ቀምሰውት ቴኒስ ሲጫወቱ ቅልጥፍናቸው እንደ ጨመረ ተናገሩ፤ እርሳቸውም በቤት «ሪታ» እየተባሉ ይጠሩ ስለ ነበር መድኃኒቱ ሪታሊን ተባለ። በ1954 ለገበያ ሲወጣ ለድካምና ለኀዘን ነበር፤ ለቅብጥብጥ ልጆች መሰጠት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ችግሩ የልጅነት ነው፤ ልጁ ሲጎለምስ ይተወዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ካናወጡት አንዱ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፖል ዌንደር ናቸው፤ በ1976 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሜቲልፌኒዴት ለዐዋቂዎች እንደሚጠቅም የሚያሳይ ሙከራ አወጡ። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ችግሩን የትኩረት ጉድለት ብሎ ሲሰይመው፣ በዐዋቂ ላይ የሚቀረውንም ለብቻው ጠቀሰ። በዛሬ ግምት ከመቶ ዐዋቂዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህ ችግር አብሮአቸው የቆየው ከ2 እስከ 3 ያህሉ ናቸው። ዐዋቂው እንደ ልጁ ከወንበር ወንበር አይዘልም። ቅብጥብጥነቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጀመረውን አይጨርስም፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ የፈተና ወረቀት ሳያርም ሳምንቱ ያልቅበታል። ሥራ ባልደረቦቹ ዝንጉ ይሉታል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንዲህ ያለ ሰው አይተን እንደማናውቅ የምንምል ስንቶች ነን?

ሁለቱን መድኃኒቶች እንግዲህ እናነጻጽር። ሁለቱም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የሚባሉትን መልእክተኞች ያበዛሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። በምሳሌ ለመናገር፣ መልእክተኛው ከቤቱ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ተመልሶ የሚገባበት በር አለ። ሜቲልፌኒዴት በሩን ይዘጋል፤ የወጣው በውጭ ይቆያል። አምፌታሚን ደግሞ በሩን ከመዝጋትም አልፎ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ የተቀመጡትን ያስወጣል። ስለዚህ በአንድ ሚዛን ሲታይ አምፌታሚን የበረታ ነው። በ2018 ሳሙኤሌ ኮርቴዜና ባልደረቦቻቸው 133 ሙከራዎችን በአንድነት መርምረው ያወጡት ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። በሐኪሞች ምዘና መሠረት በዐዋቂዎች ላይ የአምፌታሚን ጥቅም 0.79፣ የሜቲልፌኒዴት 0.49፣ አነቃቂ ያልሆነው የአቶሞክሴቲን ደግሞ 0.45 ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ከመድኃኒት አልባው ክኒን ጋር ሲነጻጸር የሚታየውን ልዩነት የሚለካ ሲሆን፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ ይባላል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ለልጆች ሜቲልፌኒዴት፣ ለዐዋቂዎች አምፌታሚን እንዲቀድም መከሩ። ነገር ግን የመዘኑት የአሥራ ሁለት ሳምንት ያህል ውጤት መሆኑንና፣ በዐዋቂዎች ዘንድ ሦስቱም መድኃኒቶች ከባዶው ክኒን ይልቅ በጎን ጉዳታቸው ምክንያት የሚተዉ መሆናቸውን አልሸሸጉም። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በዚያው ዓመት ለዐዋቂ ሁለቱንም በአንድ ማዕርግ አስቀምጦ፣ በአንዱ ያልተሻለው ወደ ሌላው እንዲሻገር አዘዘ። ይህ ሁለተኛው ፍርድ ለእኛ የተሻለ ይመስለናል፤ በአማካይ የሚበልጠው መድኃኒት ለአንድ ለተወሰነ ሰው ይበልጣል ማለት አይደለምና። መምህር ይህን ከፈተና ውጤት ያውቀዋል።

ከኃይል ይልቅ የሚያስደንቀው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ተራው ሜቲልፌኒዴት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይሠራል። በ2000 የወጣው ኮንሰርታ የሚባለው ክኒን ግን በውስጡ ውሃ እየሳበ መድኃኒቱን በቀስታ የሚገፋ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። በ2007 የተፈቀደው ሊስዴክስአምፌታሚን ከዚህም ይረቅቃል፤ አምፌታሚኑ ላይሲን ከሚባል የፕሮቲን ቅንጣት ጋር ታስሮ ስለሚዋጥ፣ እስራቱ በደም ውስጥ እስኪፈታ ድረስ አይሠራም። ቢፈጩትና በአፍንጫ ቢስቡትም ብዙም አይቸኩልም። ይህ ሁሉ ብልሃት ለምን አስፈለገ? ኖራ ቮልኮ የሚባሉ ሐኪም የአንጎልን ፎቶግራፍ በማንሣት ያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ ሜቲልፌኒዴት በደም ሥር በመርፌ ሲገባ እንደ ኮኬይን ያሰክራል፤ ያው መድኃኒት በአፍ ተውጦ በቀስታ ሲደርስ ግን፣ በመጨረሻ የሚይዘው ቦታ እኩል ቢሆንም፣ አያሰክርም። አንድ ቅመም ሱስ ወይም መድኃኒት የሚሆነው እንግዲህ በባሕርዩ ብቻ ሳይሆን በመጠኑና በአካሄዱ ጭምር ነው።

በዚህ ሚዛን የገበያዎቹን ቅመሞች ደግሞ እንመዝን። በ1973 ሮበርት ሽናከንበርግ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ቡና የሚጠጡ ቅብጥብጥ ልጆች ረጋ ማለታቸውን ሰምተው፣ ካፌይን ሪታሊንን ሊተካ ይችላል ብለው ጻፉ። እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ነገር ግን ከዚያ የተደረጉት ሙከራዎች ተስፋውን አልደገፉትም፤ ካፌይን ከሜቲልፌኒዴት እጅግ አንሶ ተገኘ። ምክንያቱን ቀደም ብለን አይተነዋል፤ ቡና የድካምን ወሬ ይከለክላል እንጂ የዶፓሚንን በር አይዘጋም። ሦስት ሲኒ እስከ በረካ ጠጥቶም ቀልቡ የማይሰበሰብ ሰው ካለ ቡናው አልከዳውም፤ ሥራው አልነበረም።

የጫት ነገር የተለየ ነው። ካቲኖንን የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ በ1975 ከለጋ ቅጠል ሲያወጣው፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጫት ይዞ የሚያጠና ተማሪ፣ ፈተና ሲደርስም የሚያርም መምህር፣ ደካማና ያልተለካ አምፌታሚን እየወሰደ ነው ማለት ይቻላል። ከእነዚህ መካከል ቀልባቸው ከልጅነት የተበተነ፣ መድኃኒታቸውን ሳያውቁ የሚፈልጉ ሰዎች እንደሚኖሩ እንገምታለን። ግን የጫት መጠን በእስር ይለካል እንጂ በሚሊግራም አይደለም። የዛሬው እስር ከትናንቱ አይመሳሰልም፤ ከሰዓት በኋላ ተቅሞ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል፤ ማግሥቱን የሚከተለው ድብርት ደግሞ ቀልቡን ከፊተኛው የባሰ ይበትነዋል። ጫት የሚቅም ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር ሜቲልፌኒዴት ቢወስድ የልቡ ሸክም በሁለት ወገን ይሆናል።

መድኃኒትም ወደ ገበያ ሲወርድ ከጫት የማይሻል መሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ በአካባቢያችን አለ። ፌኔቲሊን የሚባለው ቅመም በጀርመን በ1961 ተሠርቶ ካፕታጎን በሚል ስም የወጣው፣ ከአምፌታሚን የለዘበ ነው ተብሎ ቅብጥብጥ ልጆችን ለማከም ነበር። ለሃያ ዓመት ከተሠራበት በኋላ በ1986 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገባ፤ የሐኪሞቹ ካፕታጎንም ቀረ። ስሙ ግን አልሞተም። በመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ በድብቅ የሚሠራው ክኒን ያንን ስም ይዞ ሲሸጥ ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌኔቲሊን ሳይሆን ከሌላ ጋር የተደባለቀ ተራ አምፌታሚን ነው። የልጆች መድኃኒት የነበረው የኮንትሮባንድ ዕቃ ሆነ። በዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው በ1971 የተፈረመው የአእምሮ ቅመሞች ስምምነት አምፌታሚንንና ሜቲልፌኒዴትን በአንድነት በጥብቅ ቁጥጥር ያኖራቸው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜቲልፌኒዴት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ በ2019 እና በ2021 የቀረበለትን ጥያቄ፣ የረጅም ጊዜ ማስረጃው አይበቃም ብሎ አልተቀበለም። ዝርዝሩን ተከትለው ለሚገዙ ድሆች አገሮች ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በመተማ የሚኖር ሰው ቡናውን በደጁ፣ ጫቱን በመኪና ያገኛል፤ የአእምሮ ሐኪም ለማየት ግን ወደ ጎንደር መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በጠረፉ አገር ይልቁንም። ቀልቡ የተበተነ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ጊዜ ስደተኞች በሠፈሩበት በኡም ራኩባ፣ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሐምዳየት ተሻግረው የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች እንደገና ሠፈሩበት፤ ሌሎችም በቱነይድባህ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ መንገዱ ተገለበጠ፤ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ገዳሪፍም ራሷ ከካርቱምና ከስናር የሸሹትን ተቀበለች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሌሊት አይተኛም፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፤ መጽሐፍ ገልጦ ዓይኑ በአንድ መስመር ላይ ይቀራል። በላዩ ወባ አለ፣ በዚያ አገር የታወቀው ካላዛር አለ፣ ባዶ ሆድም አለ። ምልክቱን ብቻ ቆጥሮ አነቃቂ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው እንቅልፉን ጨርሶ ይነሣዋል፤ ፍርሃቱንም ሊያባብስበት ይችላል።

ታዲያ ሐኪሙ ሁለቱን በምን ይለያል? የደም ምርመራ የለውም፤ የአንጎል ፎቶግራፍም አይለየውም። የሚለየው ታሪክ ነው። ሕመሙ ከልጅነት የሚጀምር በመሆኑ፣ ሐኪሙ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላውን ሰው በልጅነቱ እንዴት እንደ ነበረ ይጠይቃል። የቀድሞው መመሪያ ምልክቱ ከ7 ዓመት በፊት መታየት አለበት ይል ነበር፤ በ2013 የወጣው ግን ዕድሜውን ወደ 12 ከፍ አደረገው። ለውጡ ጥቂት ቢመስልም ጉዳዩን በቀጥታ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመጣው። እስከ አምስተኛና እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ መምህሩ በውጤት መግለጫው ግርጌ የጻፋት አንዲት መስመር በጎልማሳው የሕክምና መዝገብ ውስጥ ምስክር ሆነች። «ጎበዝ ነው፤ ግን አያስተውልም» የሚለው አጭር ቃል ከሃያ ዓመት በኋላ ሰነፍ ተብሎ በኖረ ሰውና በታመመ ሰው መካከል ይፈርዳል። «ጠባይ፦ መካከለኛ» የሚለው ግን ለማንም አይረዳም፤ እኛም አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ይህንኑ ነው።

በሐምዳየት የተሻገረው ሰው የውጤት ወረቀቱን ይዞ አልወጣም። ከካርቱም የመጣውም እንዲሁ ነው፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ራሱ ተርፎ እንደ ሆነ አያውቅም። ወረቀት ሲጠፋ ሐኪም እናትን፣ ታላቅ ወንድምን ወይም እኅትን ይጠይቃል፤ እነርሱም ካልተገኙ የቀድሞ መምህርን። በስደተኞች ሠፈር ከሚያስተምሩት መካከል ራሳቸው ስደተኞች የሆኑ አሉ፤ ከአንድ ወረዳ ከመጡት ጋር በአንድ መንገድ የተሻገሩ፣ አንዳንዶቹንም በልጅነታቸው ያስተማሩ። አንድ ጎልማሳ ከፊታቸው ቀርቦ «የኔታ፣ እኔ በአራተኛ ክፍል እንዴት ነበርኩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የናፍቆት ሊመስላቸው ይችላል። መልሱ ግን በጎንደር ወይም በገዳሪፍ በሚቀመጥ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ከማናቸውም ክኒን በፊት የሚፈለግ ነው።